ስማቸው የቀረው በሞተው ሥራቸው ነው፦ ቫልተር ሃልሽታይን ከቦን እስከ ብራስልስ

ክቡራትና ክቡራን፤

እ.ኤ.አ. ማርች 25 ቀን 1957 ሮም ላይ ዝናብ ይጥል ነበር። በካፒቶሊኖ ኮረብታ ባለው ጥንታዊ አዳራሽ ውስጥ የፈረንሳይ፣ የምዕራብ ጀርመን፣ የጣሊያን፣ የቤልጂየም፣ የኔዘርላንድና የሉክሰምቡርግ መልእክተኞች በአንድ ረጅም ጠረጴዛ ላይ ተሰልፈው ተቀምጠው የአውሮፓን ኢኮኖሚ ማኅበረሰብ የሚያቋቁመውን ውል ፈረሙ። ለጀርመን ብዕር ያነሡት ሁለት ሰዎች ነበሩ፤ አንዱ የ81 ዓመቱ ቻንስለር ኮንራድ አደናወር፣ ሁለተኛው ከጎናቸው የተቀመጡት የውጭ ጉዳይ ሚኒስትር ዴኤታው ፕሮፌሰር ቫልተር ሃልሽታይን። በዝግጅቱ የተሳተፉ ሰዎች ኋላ እንደመሰከሩት፣ በፈራሚዎቹ ፊት የተዘረጋው ወፍራም ጥራዝ ከርእሱና ከፊርማው ገጽ በቀር ባዶ ወረቀት ነበር፤ ውሉን በአራት ቋንቋዎች አርሞ አትሞ ለማድረስ ጊዜ አልበቃም ነበርና።

ስለ ሃልሽታይን ለመናገር ሳስብ ዘወትር ቀድሞ የሚመጣብኝ ይህ ባዶ ጥራዝ ነው። ከዘጠኝ ወር በኋላ የማኅበረሰቡ አስፈጻሚ አካል የሆነው ኮሚሽን የመጀመሪያ ፕሬዚዳንት ሆነው የውሉን ቃል በሥራ እንዲተረጉሙ የተመረጡት እርሳቸው ነበሩ። ሠራዊት አልነበራቸውም፤ በድምፁ የመረጣቸው ሕዝብ አልነበረም፤ የራሱ ገቢ ያለው ግምጃ ቤትም አልነበራቸውም። የነበራቸው የተጻፈ ሕግ ብቻ ነው። ያንን ሕግ ይዘው ምን ያህል ርቀት እንደሄዱና የት ላይ እንደቆሙ ማስረዳት የዛሬው ንግግሬ ዋና ጉዳይ ነው። የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር መሆናቸውን አስቀድሜ ልናገር።

ሃልሽታይን በ1901 ማይንስ ከተማ ተወለዱ። አባታቸው በባቡር መሥሪያ ቤት የሕንፃ ሥራ ኃላፊ ነበሩ። ሕግን በቦን፣ በሙኒክና በበርሊን አጥንተው በ1930 ገና የ29 ዓመት ወጣት ሳሉ በሮስቶክ ዩኒቨርሲቲ የሕግ ፕሮፌሰር ሆኑ። ሙያቸው የግል ሕግና የኩባንያ ሕግ ሲሆን፣ የተለያዩ አገሮችን ሕጎች እያነጻጸሩ ይመረምሩ ነበር። ሦስት ዓመት ሳይሞላ ናዚዎች ሥልጣን ያዙ። ሃልሽታይን የናዚ ፓርቲ አባል አልሆኑም፤ ሆኖም በዚያ ዘመን ከሕግ ባለሙያ ይጠበቅ በነበረው የናዚዎች የሕግ ባለሙያዎች ማኅበር ውስጥ ነበሩበት፤ ማስተማራቸውንም ቀጠሉ፤ በ1941 ወደ ፍራንክፈርት ዩኒቨርሲቲ ተዛወሩ። ይህን የሕይወታቸውን ምዕራፍ እንደ ጀግንነት የሚያቀርቡ አሉ፤ እኔ ግን እንደዚያ ለማለት አልደፍርም። ራሳቸውን ከፓርቲው አራቁ እንጂ ሥርዓቱን ተጋፍጠው የቆሙ ሰው አልነበሩም። ቆይተው ሕግን ከፖለቲካ ፈቃድ በላይ ለማድረግ ያን ያህል የጸኑት፣ የሕግ ፕሮፌሰሮች ቃል በአንድ ሰው ፈቃድ ሥር ሲወድቅ በዓይናቸው ስላዩ ይመስለኛል።

በጦርነቱ ጊዜ የመድፈኛ መኮንን ሆነው በሰሜን ፈረንሳይ አገለገሉ፤ በጁን 1944 አሜሪካውያን የሼርቡርን ወደብ ሲይዙ ተማረኩ። የተወሰዱት በሚሲሲፒ ግዛት ወደነበረው የኮሞ የምርኮኞች ካምፕ ነበር። እዚያ በሽቦ አጥር ውስጥ የሠሩትን ልብ እንድትሉልኝ እወዳለሁ፤ የታሰሩ መኮንኖችን ሰብስበው አንድ ዓይነት ዩኒቨርሲቲ አቋቋሙ። ለምርኮኞች ሕግ ማስተማር ጀመሩ። ምንም በሌለበት ቦታ መጀመሪያ የትምህርት ሰሌዳና ደንብ የሚያወጣ ሰው ምን ዓይነት ሰው እንደሆነ ከዚህ ይታወቃል። ከጦርነቱ በኋላ ወደ ፈራረሰችው ፍራንክፈርት ተመልሰው በ1946 የዩኒቨርሲቲው ሬክተር ሆነው ተመረጡ፤ በ1948 ደግሞ በዋሽንግተን በጆርጅታውን ዩኒቨርሲቲ እንግዳ ፕሮፌሰር ሆነው አንድ ዓመት ያህል አስተማሩ።

እስከዚህ ድረስ ፖለቲከኛ አልነበሩም። ወደ ፖለቲካ የገቡት በ1950 ነው። በሜይ ወር የፈረንሳይ የውጭ ጉዳይ ሚኒስትር ሮቤር ሹማን የጀርመንና የፈረንሳይ የድንጋይ ከሰልና የብረት ምርት በአንድ የጋራ ባለሥልጣን ሥር እንዲሆን ሐሳብ አቀረቡ። አደናወር የጀርመንን ልዑካን ቡድን የሚመራ ሰው ፈለጉ፤ የፈለጉት ግን የፋብሪካ ባለቤቶችን ጥቅም ለመከራከር የሚሄድ ሰው አልነበረም፤ ፈረንሳይኛ የሚናገር፣ በናዚ ፓርቲ ያልነበረና የውል ቃል የሚያውቅ ሰው እንጂ። ሃልሽታይን በጁን ወር ፓሪስ ሲደርሱ የገጠማቸው የሐሳቡ ጠንሳሽ ዣን ሞኔ ነበሩ። ሞኔ የዩኒቨርሲቲ ደጃፍ ያልረገጡ የኮኛክ ነጋዴ ልጅ ናቸው፤ ሃልሽታይን ደግሞ እያንዳንዱን ሐሳብ በአንቀጽ የሚመትሩ ፕሮፌሰር። ሁለቱ ተግባቡ። ጀርመን በዚያን ጊዜ በአሸናፊዎቹ መንግሥታት ቁጥጥር ሥር የነበረች፣ የራሷ የውጭ ጉዳይ ሚኒስቴር እንኳ ያልነበራት አገር ነበረች፤ በዚያ ጠረጴዛ ላይ ግን ከፈረንሳይ እኩል ተቀመጠች። ውሉ በኤፕሪል 1951 ተፈረመ።

በዚያው ዓመት የውጭ ጉዳይ ሚኒስቴር እንደገና ሲቋቋም አደናወር የሚኒስትርነቱን ሥልጣን ለራሳቸው ያዙት፤ የዕለት ተዕለቱ ሥራ የወደቀው በሚኒስትር ዴኤታው በሃልሽታይን ላይ ነበር። የእኛ አገር ታሪክ የሚነካቸውም በዚህ ወቅት ነው። በኖቬምበር 1954 ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ የምዕራብ ጀርመንን ዋና ከተማ ቦንን ሲጎበኙ፣ ወደ አዲሲቱ ፌዴራላዊ ሪፐብሊክ የመጡ የመጀመሪያው የውጭ ርእሰ ብሔር ነበሩ። ከጦርነቱ ወዲህ በዓለም ፊት አንገቷን ደፍታ ለቆየች አገር የአንድ ንጉሠ ነገሥት ደጃፏን መርገጥ ምን ማለት እንደነበር መገመት አያስቸግርም።

በዓመቱ አደናወር ወደ ሞስኮ ሄደው ከሶቪየት ኅብረት ጋር ግንኙነት ለመጀመር ተስማሙ፤ ዋጋው ወደ 10,000 የሚጠጉ በምርኮ የቀሩ ጀርመናውያን መፈታት ነበር። ችግሩ ግን ይህ ነው፦ ሞስኮ ለምሥራቅ ጀርመንም መንግሥት ዕውቅና ሰጥታለችና፣ በአንዲት ከተማ ሁለት የጀርመን አምባሳደሮች ሊቀመጡ ነው። ሌሎች አገሮችም ይህንኑ ቢከተሉ ቦን «የጀርመን ሕዝብ ሕጋዊ ወኪል እኔ ብቻ ነኝ» የምትለው ነገር ባዶ ሊቀር ነበር። ስለዚህ በዲሴምበር 1955 አንድ መርሕ ጸና፤ ከሶቪየት ኅብረት በቀር ለምሥራቅ ጀርመን ዕውቅና የሚሰጥ አገር ከቦን ጋር ያለውን ግንኙነት እንደሚያጣ ተነገረው። ሐሳቡን በጽሑፍ በመቅረጽ ትልቁን ድርሻ የያዙት ቪልሄልም ግሬቨ የተባሉት ሌላው የሕግ ሊቅ ሲሆኑ፣ ስሙ ግን የሃልሽታይን ዶክትሪን ተባለ። በ1957 ዩጎዝላቪያ፣ በ1963 ኩባ በዚህ መርሕ ግንኙነታቸው ተቋረጠ።

ሰውዬው ዛሬ በዓለም የሚታወቁት በዚህ ነው። የታሪክ መጻሕፍትን ብትገልጡ ከስማቸው ጎን የምታገኙት ይህን ዶክትሪን ነው። ይህ ያሳዝነኛል። ዶክትሪኑ በር መዝጊያ ነበር፤ ከጊዜ በኋላም የዘጋው የራሷን የቦንን በር ሆነ። አዲስ ነፃ የወጡት የአፍሪካና የእስያ አገሮች ምሥራቅ ጀርመንን አውቃለሁ እያሉ በማስፈራራት ዕርዳታ መጠየቂያ አደረጉት። በ1965 የምሥራቅ ጀርመኑ መሪ ቫልተር ኡልብሪክት ካይሮን ሲጎበኙ ጉዳዩ እየተካረረ ሄዶ ቦን ከእስራኤል ጋር ግንኙነት መሠረተች፤ አብዛኞቹ የዐረብ አገሮችም አምባሳደሮቻቸውን ጠሩ። በ1972 ሁለቱ ጀርመኖች መሠረታዊውን ውል ሲፈራረሙ ዶክትሪኑ አከተመለት። ሃልሽታይን ግን ከጃንዋሪ 1958 ጀምሮ ቦን አልነበሩም።

ብራስልስ ሲደርሱ ያገኙት ተቋም ስም እንጂ አካል አልነበረውም። የመጀመሪያው የኮሚሽኑ ስብሰባ የተደረገው በጃንዋሪ 16 ቀን 1958 በከተማዋ ዳር በሚገኘው በቫል ዱሼስ ቤተ መንግሥት ነው። ዘጠኝ ኮሚሽነሮች ነበሩ። ከኔዘርላንድ ሲኮ ማንስሆልት የእርሻውን፣ ከፈረንሳይ ሮቤር ማርዦላ የኢኮኖሚውን፣ ከቤልጂየም ዣን ሬ የውጭ ግንኙነቱን፣ ከጀርመን ሃንስ ፎን ደር ግሮይበን የውድድር ጉዳዩን ያዙ። የማኅበረሰቡ መቀመጫ የት ይሁን የሚለው ገና አልተወሰነም፤ ሠራተኛ አልተቀጠረም፤ የአራት ቋንቋ ተርጓሚ መገኘት ነበረበት። ሃልሽታይን ከሁሉ በፊት ያደረጉት እንደ መንግሥት የተዋቀረ መሥሪያ ቤት ማቋቋም ነው፤ እያንዳንዱ ኮሚሽነር እንደ ሚኒስትር የራሱ ጽሕፈት ቤት ኖረው፣ ከሥሩም ዋና ዳይሬክቶሬቶች ተደራጁ። ያ መዋቅር በመሠረቱ እስካሁን አለ።

ጠባያቸውን የሚያውቁ ሰዎች ሲናገሩ ቀዝቃዛ፣ ጥንቁቅና ለሥራ ወሰን የሌላቸው ነበሩ ይላሉ። አላገቡም። ብዙዎች ኮሚሽኑን የቀረጥና የእህል ዋጋ መሥሪያ ቤት አድርገው ሲያዩት፣ እርሳቸው የምንሠራው ንግድ ሳይሆን ፖለቲካ ነው ከማለት አይቦዝኑም ነበር። ቀረጡም ቢሆን በእርሳቸው ዘመን ፈጥኖ ወረደ፤ በስድስቱ አገሮች መካከል የመጀመሪያው የ10 በመቶ ቅናሽ በጃንዋሪ 1959 ተደረገ፤ የጉምሩክ ኅብረቱም ውሉ ከወሰነው ጊዜ 18 ወር ቀድሞ በጁላይ 1968 ተጠናቀቀ።

የእርሻው ነገር ግን እንዲህ በቀላሉ አልሄደም። የጋራ የእርሻ ፖሊሲ በ1961 ማብቂያ ላይ እንዲወሰን ቀጠሮ ተይዞ ነበር። ዲሴምበር 31 እኩለ ሌሊት ሲደርስ ሚኒስትሮቹ አልተስማሙም፤ ሰዓቱ እንደቆመ ተቆጥሮ ድርድሩ እስከ ጃንዋሪ 14 ቀጠለ። ሃልሽታይን በኋላ አሜሪካ ውስጥ ባደረጉት ንግግር የዚያን ድርድር ሒሳብ ቆጥረው አቅርበዋል፦ 45 ስብሰባዎች፣ ከእነዚህም ሰባቱ ሌሊት የተደረጉ፣ 137 ሰዓት ውይይት፣ 582,000 ገጽ ሰነድና ሦስት የልብ ሕመም አደጋዎች። እኔ ይህን ሳነብ ከቁጥሩ ይልቅ የገረመኝ የሰውዬው ዓይን ነው፤ ትናንት እርስ በርስ የተጋደሉ አገሮች ዛሬ ሌሊቱን ሙሉ ስለ ስንዴና ስለ አሳማ ሥጋ ዋጋ ተከራክረው መዋደቃቸው ለእርሳቸው የሚያስመሰግን ታሪክ ነበር።

ከሁሉ በላይ ጥለውልን የሄዱት ሐሳብ ግን የሕግ ማኅበረሰብ የሚለው ነው። ይህ ማኅበር አስገድዶ የሚያስፈጽም ጦር የለውም፤ የሚቆመው በሕግ ብቻ ነው፤ የተፈጠረው በሕግ ነው፤ የሚሠራውም ሕግ በማውጣት ነው፤ ይሉ ነበር። ይህ በተግባር ምን ማለት እንደሆነ ያሳየ አንድ ጉዳይ ልንገራችሁ። ፋን ኼንድ ኤንድ ሎስ የተባለ የኔዘርላንድ የማጓጓዣ ድርጅት በ1960 ለሙጫ መሥሪያ የሚውል ኬሚካል ከጀርመን አስገባ። የአገሩ ጉምሩክ ቀድሞ 3 በመቶ የነበረውን ቀረጥ 8 በመቶ አስከፈለው። ውሉ ደግሞ አባል አገሮች በመካከላቸው ያለውን ቀረጥ እንዳይጨምሩ ይከለክላል። ጥያቄው፣ ውሉን የተፈራረሙት መንግሥታት ሆነው ሳለ አንድ ነጋዴ ያንን ውል ጠቅሶ የራሱን መንግሥት መክሰስ ይችላል ወይ የሚል ነበር። የኔዘርላንድ፣ የቤልጂየም፣ የጀርመን መንግሥት ሳይቀር አይችልም ብለው ተከራከሩ። የሃልሽታይን ኮሚሽን የሕግ ክፍል ይችላል አለ። የማኅበረሰቡ ፍርድ ቤት በፌብሩዋሪ 1963 ይችላል ሲል ፈረደ። በአገራችን በቀድሞው ዘመን ባለጉዳይ «በሕግ አምላክ!» ሲል ባላጋራው ባለበት ይቆም እንደነበር ታውቃላችሁ፤ የሚያስቆመው ጉልበት አይደለም፣ ቃሉ ነው። ከዚያ ፍርድ ወዲህ ማንኛውም የማኅበረሰቡ ነጋዴ፣ ሠራተኛ ወይም ገበሬ ለገዛ መንግሥቱ «በሕግ አምላክ» ማለት ቻለ።

የውጭ አገር መንግሥታትም ይህን ተቋም ማክበር ጀመሩ። በጁላይ 1963 ያውንዴ ላይ 18 የአፍሪካ አገሮች፣ ማዳጋስካርን ጨምሮ፣ ከማኅበረሰቡ ጋር ውል አሰሩ። ኢትዮጵያ ከእነዚህ መካከል አልነበረችም፤ እርሷ የገባችው በ1975 በሎሜ ውል ነው። አምባሳደሮች ወደ ብራስልስ እየመጡ የሹመት ደብዳቤያቸውን ለኮሚሽኑ ፕሬዚዳንት ያቀርቡ ነበር፤ ሃልሽታይንም በክብር ልብስ፣ በቀይ ምንጣፍ ይቀበሏቸው ነበር። በፓሪስ የነበሩት የፈረንሳይ ፕሬዚዳንት ጄኔራል ሻርል ደጎል ይህን ሲሰሙ አልወደዱትም። ለደጎል አምባሳደር የሚቀበለው መንግሥት ነው፤ መንግሥት ደግሞ ሕዝብ ሲኖረው ነው። በኋላ በጻፉት ማስታወሻም ሃልሽታይን ብራስልስን እንደ ዋና ከተማቸው አድርገው በሉዓላዊነት ጌጥ ተከበው ተቀምጠዋል ሲሉ ወቅሰዋቸዋል።

ግጭቱ የፈነዳው በ1965 ነው። የእርሻ ወጪውን የሚሸፍነው ስምምነት በጁን 30 ያበቃል። ኮሚሽኑ ሦስት ነገሮችን በአንድ ላይ አስሮ አቀረበ፦ የእርሻው ወጪ ስምምነት ይቀጥል፤ ከቀረጥ የሚሰበሰበው ገንዘብ በአገሮች መዋጮ ሳይሆን በቀጥታ የማኅበረሰቡ ገቢ ይሁን፤ ይህንንም ገንዘብ የአውሮፓ ፓርላማ የመቆጣጠር ሥልጣን ይኑረው። ሒሳቡ ግልጽ ነበር። የእርሻውን ገንዘብ አጥብቃ የምትፈልገው ፈረንሳይ ናት፤ ለገበሬዎቿ ስትል ሌሎቹን ሁለቱን ትውጣለች ተብሎ ተገመተ። ሃልሽታይን ሐሳቡን ለሚኒስትሮቹ ከማቅረባቸው በፊት በማርች 24 ስትራስቡርግ በፓርላማው ፊት ገለጡት። ከኮሚሽነሮቹ መካከል ማርዦላ አይሆንም ብለው አስጠንቅቀው ነበር፤ ደጎልን ያውቋቸው ነበርና።

ማርዦላ ያሉት አልቀረም። በጁን 30 ሌሊት ክርክሩ ቀጠለ፤ ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት ገደማ ስብሰባውን የሚመሩት የፈረንሳዩ የውጭ ጉዳይ ሚኒስትር ሞሪስ ኩቭ ደ ሙርቪል ስምምነት የለም ብለው ዘጉት። ሌላ ጊዜ ቢሆን ሰዓቱ ይቆም ነበር፤ በዚያ ሌሊት ግን ማንም ሊያቆመው አልፈለገም። ፈረንሳይ በብራስልስ የነበራትን ቋሚ መልእክተኛ ጠራች፤ ሰባት ወር ሙሉ በሚኒስትሮች ምክር ቤት ውስጥ የፈረንሳይ ወንበር ባዶ ዋለ። በጃንዋሪ 1966 ሉክሰምቡርግ ላይ ሲታረቁ፣ አንድ አገር እጅግ አስፈላጊ ጥቅሜ ተነካ ካለ ሙሉ ስምምነት እስኪገኝ ውይይቱ ይቀጥል የሚል የፈረንሳይ አቋም በጽሑፍ ሰፈረ፤ አምስቱ ባይቀበሉትም ውሉ የፈቀደው በአብላጫ ድምፅ የመወሰን አሠራር ለረጅም ዓመታት ተሽመደመደ። በዚያው ስምምነት ውስጥ አንዲት ትንሽ ነጥብ አለች፤ ከእንግዲህ አምባሳደሮች የሹመት ደብዳቤያቸውን ለኮሚሽኑ ፕሬዚዳንት ብቻ ሳይሆን ለሚኒስትሮች ምክር ቤት ፕሬዚዳንትም በአንድ ላይ ያቅርቡ የምትል። ቀይ ምንጣፉ ተጠቀለለ።

ሃልሽታይን ተሳሳቱ ወይ? በዘዴው ተሳሳቱ እላለሁ። ሚኒስትሮቹን አልፈው ወደ ፓርላማ መሄዳቸው ለአንድ ኩሩ መሪ በማይፈለግ ጊዜ ሰበብ ሰጠው። የሕግ ሰው በመሆናቸው፣ ውሉ ውስጥ የተጻፈ ነገር ቀኑ ሲደርስ ይፈጸማል ብለው አመኑ፤ የደጎል ፈቃድ ከአንቀጽ ይበልጣል ብለው አላሰቡም። ይሁን እንጂ የጠየቁት ነገር ትክክል ነበር፤ የጋራ ገንዘብ ካለ የሕዝብ ወኪሎች ሊቆጣጠሩት ይገባል ማለት ድፍረት ሊባል አይችልም። ያጸናቸውም የጣላቸውም ይኸው ለተጻፈው ቃል ያላቸው ታማኝነት ነው።

ሦስቱ የአውሮፓ ማኅበረሰቦች፣ ማለትም የከሰልና የብረቱ፣ የኢኮኖሚውና የአቶሚክ ኃይሉ፣ በጁላይ 1967 በአንድ ኮሚሽን ሥር ሲዋሐዱ ደጎል የሃልሽታይንን መቀጠል አልፈቀዱም። ለጥቂት ወራት ብቻ ይቆዩ የሚል ማስታረቂያ ቢቀርብም፣ በልመና የሚሰጥን ጊዜ አልወደዱም፤ ለምዕራብ ጀርመን ቻንስለር ለኩርት ጌኦርግ ኪሲንገር እጩ እንዳያደርጓቸው ጽፈው ሄዱ። ተተኪያቸው ዣን ሬ ሆኑ። በ1968 የአውሮፓን አንድነት የሚደግፈው የአውሮፓ ንቅናቄ ፕሬዚዳንት ሆነው እስከ 1974 አገለገሉ፤ ከ1969 እስከ 1972 ደግሞ የክርስቲያን ዴሞክራቶችን ወክለው በጀርመን ፓርላማ በቡንደስታግ ተቀመጡ። በሕይወታቸው በሕዝብ ድምፅ የተመረጡት በዚያን ጊዜ ብቻ ነው፤ ስለዚያ ዘመናቸው የሚነገር ብዙ የለም። በማርች 1982 ሽቱትጋርት ውስጥ ዐረፉ።

ከመሞታቸው በፊት ግን ያዩት ነገር አለ። በ1965 የተጣለው የራስ ገቢ ሐሳብ በኤፕሪል 1970፣ ደጎል ከሥልጣን በወረዱ በዓመቱ፣ በስድስቱ አገሮች ተወሰነ፤ ፓርላማውም በበጀቱ ላይ ድምፅ አገኘ። በጁን 1979 የዘጠኝ አገሮች ዜጎች የፓርላማውን አባላት ለመጀመሪያ ጊዜ በቀጥታ መረጡ።

በ1958 ከሃልሽታይን ጋር ብራስልስ ከመጡት ወጣት ሠራተኞች አንዱ የፎን ደር ግሮይበን ጽሕፈት ቤት ኃላፊ የነበሩት ኤርንስት አልብሬክት ናቸው። በ1967 የውድድር ጉዳዮች ዋና ዳይሬክተር ሆኑ፤ ቆይተው ወደ አገራቸው ተመልሰው ከ1976 እስከ 1990 የታችኛው ሳክሶኒ ግዛት ጠቅላይ ሚኒስትር ነበሩ። በዚያው በ1958 በኦክቶበር ወር ብራስልስ ውስጥ ሴት ልጅ ተወለደችላቸው። ያቺ ልጅ፣ ኡርዙላ ፎን ደር ላየን፣ ኮሚሽኑን በመምራት ከሃልሽታይን ቀጥሎ ሁለተኛዋ ጀርመናዊ ሆኑ። በጁላይ 16 ቀን 2019 ስትራስቡርግ ላይ፣ ሃልሽታይን ያንን ሐሳባቸውን ባቀረቡባት ከተማ፣ በፓርላማው ፊት ቆመው ድምፅ ጠየቁ። የሚያስፈልጋቸው 374 ነበር፤ 383 አገኙ።